ጉዞሽን ከመመለሻው አውቶቡስ ጀምሪ

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «መኪና የለኝም። በእረፍት ቀኔ ግን ከከተማ ወጥቼ በገጠር መንገድ በእግሬ መሄድ በጣም እወዳለሁ። ባለፈው ወር በሕዝብ አውቶቡስ ሄጄ ስመለስ የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠኝ። ጨለማ ላይ ብቻዬን ቆሜ በስንት መከራ ነው ቤቴ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ ፈርቻለሁ። በአውቶቡስ ብቻ የእግር ጉዞ መውጣት ይቻላል? መንገዱንስ እንዴት ልምረጥ? እርስዎ ሰው ይዘው ስለሚወጡ ቢመክሩኝ።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን በሰላም ገባሽ። ጨለማ ላይ ባዶ ፌርማታ መቆም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ያስፈራል። ለጥያቄሽ መልሱ ግን አዎ፣ ይቻላል ነው። እኔ ለዓመታት ሰው ይዤ ስወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ምርጫው ቢሰጠኝ ዛሬም ከመኪና ይልቅ አውቶቡስ እመርጣለሁ።

ለምን መሰለሽ? መኪና ይዞ የወጣ ሰው መኪናው ጋ መመለስ አለበት። ወይ በሄደበት መንገድ ይመለሳል፣ ወይ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። በአውቶቡስ የሄደ ሰው ግን ከኋላው የሚጠብቀው ነገር የለም። አንዱ መንደር ላይ ይወርዳል፣ ሸንተረሩን ይሻገራል፣ ማዶ ካለው ሸለቆ ሌላ አውቶቡስ ይሳፈራል። ወንዝን ከላይ እስከ ታች ተከትሎ መውረድ ይችላል። ጠዋት ያየውን ማታ ደግሞ አያየውም። ይህን አንዴ የቀመሰ ሰው መኪና ቢኖረውም ቤት ትቶት ይወጣል።

ያስቸገረሽ የዕቅድሽ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያምር መንገድ ይመርጣል። ከዚያ የመሄጃውን አውቶቡስ ይፈልጋል። መመለሻው የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፣ አንዳንዴም ፌርማታው ላይ ከደረሱ በኋላ። እኔ ገልብጬ ነው የምሠራው። መጀመሪያ የማየው የመመለሻውን የጊዜ ሰሌዳ ነው። የመጨረሻውን አውቶቡስ አገኘዋለሁ። ካገኘሁት በኋላ እሰርዘዋለሁ። አዎ፣ እሰርዘዋለሁ። ዕቅዴ ሁልጊዜ ከመጨረሻው በፊት ባለው አውቶቡስ ላይ ነው የሚቆመው። የመጨረሻው መጠባበቂያ ነው። ቀኑ ባይቀናኝ፣ ሰው እግሩ ቢጎዳ፣ መንገድ ብንስት እሱ አለ። አንቺ ያንን ቀን ምናልባት መጠባበቂያሽን ዋና ዕቅድ አድርገሽው ይሆናል።

ከዚያ ሰዓቱን ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ለዚህ ደግሞ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መገመት ያስፈልጋል። ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፤ እስካሁን እንጠቀምበታለን። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ትይዣለሽ። በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ትጨምሪያለሽ። 100 ሜትር ዳገት 10 ደቂቃ መሆኑ ነው። ልብ በይ፣ ይሄ ያለ እረፍት ነው። ጠንካራ እግር ያለው ሰው ሳይቆም ሲሄድ ማለት ነው። ፎቶ የሚያነሳ፣ ጫማውን የሚያስር፣ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው በዚህ ስሌት አይሄድም። ስለዚህ እኔ በድምሩ ላይ ሲሶ እጨምራለሁ።

በምሳሌ እንየው። መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፣ ዳገቱ በድምሩ 500 ሜትር። 14 ኪሎ ሜትሩ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይሆናል። ዳገቱ 50 ደቂቃ ይጨምራል። ድምሩ 3 ሰዓት ከ38 ነው። ሲሶውን ስትጨምሪበት 4 ሰዓት ከ50 አካባቢ ይመጣል። አሁን ወደ ሰሌዳው እንመለስ። የመጨረሻው አውቶቡስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ ከሱ በፊት ያለው 10 ሰዓት ተኩል። ፌርማታው ላይ 10 ሰዓት መድረስ አለብኝ እላለሁ። ከ10 ሰዓት ላይ 4 ሰዓት ከ50 ስቀንስ 5 ሰዓት ከ10 ይሆናል። በቃ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ10 በፊት እግሬ መንገዱ ላይ መሆን አለበት። የጠዋቱ አውቶቡስ 4 ሰዓት ላይ የሚያወርደኝ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ትርፍ አለኝ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያወርደኝ ከሆነ ግን ያ መንገድ ለዚያ ቀን አይሆንም። አጠር ያለ እፈልጋለሁ። መንገዱ የትም አይሄድም፣ ሌላ ቀን ይጠብቀኛል።

ቁልቁለት ጊዜ ይቆጥባል ብለሽ አትመኚ። ለስለስ ያለ ቁልቁለት ትንሽ ያፈጥናል። ቀጥ ያለው ግን ከሜዳ የባሰ ያዘገያል። ጉልበት ያማል፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል። እኔ ካየኋቸው ጉዳቶች ብዙዎቹ የደረሱት ከሰዓት በኋላ፣ ቁልቁለት ላይ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠን ብለን ስንቻኮል ነው። ለዚህ ነው በዚያ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ላይ ድርድር የማላውቀው።

አሁን ወደምወደው ነጥብ ልምጣ። አቅጣጫ። አንድ መንገድ ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ በብዛት የሚያልፍበት ነው፤ ዋና መንገድ፣ ትልቅ መንደር ወይም ባቡር ጣቢያ ይኖራል። ሌላው ጫፍ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ አውቶቡስ የሚያይ ነው። ሁልጊዜ አውቶቡስ ከማይበዛበት ጫፍ ተነሽ፣ አውቶቡስ ወደሚበዛበት ጫፍ ሂጂ። ጠዋት ላይ ሰዓቱን የምታውቂው አንድ አውቶቡስ ይበቃሻል፤ እሱን ለመያዝ ደግሞ ከቤትሽ በጊዜ መነሳት ነው። ማታ ላይ ግን የምትደርሺበትን ደቂቃ አታውቂም። በየግማሽ ሰዓቱ አውቶቡስ የሚያልፍበት ቦታ ከደረስሽ አንዱ ቢያመልጥሽ ሌላው ይመጣል። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ብትይዢ የፍርሃትሽ ግማሽ ይጠፋል። መጽሐፉም ሆነ ምልክቱ መንገዱን በሌላ አቅጣጫ ቢገልጸው ግድ የለሽም። መንገድ በሁለቱም በኩል ይኬዳል።

ሌላም ጥቅም አለው። ሩቁ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከፍታ ላይ ነው። አውቶቡሱ ዳገቱን ይወጣልሻል ማለት ነው። አንቺ ከላይ ተነስተሽ እያየሽ ትወርጃለሽ።

መንገድ ስትመርጪ ካርታው ላይ መጀመሪያ የአውቶቡሱን መስመር በጣትሽ ተከተይ። ከዚያ የእግር መንገዱ ያንን መስመር ስንት ቦታ እንደሚነካው እይ። ሁለት ቦታ የሚነካ ከሆነ ወርቅ አገኘሽ። ከአንዱ ፌርማታ ወርደሽ፣ ገጠሩን ዞረሽ፣ በዚያው ቁጥር አውቶቡስ ከሌላ ፌርማታ ትመለሻለሽ። የምታጠኚውም አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው። ለዚህ የሆንግ ኮንጉን ማክለሆስ መንገድ የሚያህል ጥሩ ምሳሌ የለኝም። በ1979 እ.ኤ.አ. የተከፈተ 100 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ በ10 ክፍል ተከፍሏል። የመጀመሪያው ክፍል የሚነሳው ፓክ ታም ቹንግ ከሚባል ቦታ ነው። ሁለተኛው ክፍል የሚያልቀው ፓክ ታም አው ላይ ነው። በመካከላቸው 24 ኪሎ ሜትር ያህል የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ኮረብታና ነጭ የባሕር ዳርቻ አለ። ሁለቱንም ጫፍ የሚያገናኘው ያው 94 ቁጥር አውቶቡስ ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ በየ500 ሜትሩ ቁጥር ያለው ምሰሶ ተተክሏል። ችግር የገጠመው ሰው ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ሲናገር የት እንዳለ ወዲያው ይታወቃል።

መንገዱ ከአውቶቡሱ ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነም ጥሩ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሃድሪያንን ግንብ ተከትሎ 135 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። ግንቡን የሚያገለግለው አውቶቡስ ስሙ «ኤዲ 122» ነው። «ኤዲ» በእንግሊዝኛ «ከክርስቶስ ልደት በኋላ» ማለት ነው፤ 122 ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ሮማውያን ግንቡን መሥራት የጀመሩበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ላይ ስትሄጂ የደከመሽ ቦታ ላይ ወደ ዋናው መንገድ መውጣት ትችያለሽ። እኔ ለጀማሪ ይህን ዓይነቱን አጥብቄ እመክራለሁ። ርቀቱን ቀድመሽ መወሰን አይጠበቅብሽም፤ እግርሽ ይወስናል።

በተለይ ስዊዘርላንድ ይህን ነገር ወደ ጥበብ አድርሳዋለች። ቢጫ የፖስታ አውቶቡሶች ተራራው ላይ ያለ መንደር ድረስ ይወጣሉ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሦስት ድምፅ ያለው ጡሩንባቸው ከሩቅ ይሰማል። የእግር መንገዱ ምልክትም ቢጫ ነው። ምልክቱ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው፤ እረፍትን ግን አይጨምርም። ጫፉ ላይ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም ካየሽ የተራራ መንገድ ነው፣ እግርሽ ጠንካራ ጫማሽም ጥሩ መሆን አለበት። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ካየሽ ደግሞ ልምድ ላለው ብቻ ነው፣ ተመለሺ። የትም ብትሄጂ የዚያን ቦታ የምልክት ቀለም ቀድመሽ ማወቅ ጥሩ ነው። አንዱ ጋ ቀላል ማለት የሆነ ቀለም ሌላው ጋ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጊዜ ሰሌዳ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔም ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት 6 ሰው ይዤ ወጣሁ። ሰሌዳውን አይቻለሁ፣ የ10 ሰዓቱ አውቶቡስ ተጽፏል። ፌርማታው ላይ ደረስን፣ ጠበቅን፣ አልመጣም። ሰሌዳውን ጠጋ ብዬ ሳየው ከሰዓቱ ጎን አንዲት ትንሽ ፊደል አለች። ግርጌ ላይ ትርጉሟ ተጽፏል፦ ተማሪ ቤት በሚከፈትበት ቀን ብቻ። ያ ሳምንት የትምህርት ቤት እረፍት ነበር። ከስድስቱ አንዷ ብርድ ይዟት ነበር፣ እኔም በኃላፊነቴ አፍሬ መሬት ዋጠኝ። ከዚያ ወዲህ ግርጌውን ሳላነብ ሰሌዳ አንብቤያለሁ አልልም።

በብዙ አገር የገጠር አውቶቡስ የሚኖረው ለተማሪና ለሠራተኛ ነው። ስለዚህ እኛ በምንወጣበት በእረፍት ቀን ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይቀራል። በወቅትም ይቀየራል፤ በበጋ አራት ጊዜ የሚመጣው በክረምት አንዴ ሊመጣ ይችላል። የምትሄጂበትን ቀን ትክክለኛ ሰሌዳ ፈልጊ። ከሁለት ቦታ አመሳክሪ፤ ስልክሽ ላይ ያለው መተግበሪያና ፌርማታው ላይ የተለጠፈው ካልተስማሙ ደውለሽ ጠይቂ። አብዛኛው የገጠር ፌርማታ ደግሞ ካልጠየቅሽ አይቆምም። ለመውረድ ቀድመሽ ለሹፌሩ ንገሪ። ለመሳፈር እጅሽን በደንብ ዘርግተሽ አሳዪ። ጥግ ላይ ቁጭ ብለሽ ስልክ እያየሽ ከጠበቅሽው ያልፍሻል፣ ጥፋቱም የሱ አይሆንም።

ጠዋት ስትወርጂ ሹፌሩን ስለ መመለሻው ጠይቂው። እሱ የሚያውቀውን ሰሌዳው አያውቀውም። «ማታ ስመለስ የት ጋ ልቁም?» በይው። የመመለሻው ፌርማታ ከመንገዱ ማዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ምልክት የለውም፤ አንዳንዴ ደግሞ አውቶቡሱ መንደሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚዞር በሁለቱም አቅጣጫ የሚቆመው አንድ ቦታ ነው። ማዶ ቆመው አውቶቡሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሲሄድ ያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። መሳፈሪያሽ ሌላ መንደር ከሆነ ቦታውን ከቤትሽ ሳትወጪ በካርታ አጥኚው።

ካርታን በተመለከተ ብዙ አልልም። በስልክሽ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ አውርጂ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ጂፒኤሱ ይሠራል። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስልኩን ከውስጥ ኪስ ያዢው። የወረቀት ካርታም ይኑርሽ። 1 ለ50,000 በሚለው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ካየሽ ገደል ቢጤ ነው፤ ተራርቀው ካየሽ ሜዳ።

መንገድ ላይ ከወጣሽ በኋላ አንድ ሰዓት አስቀድመሽ ወስኚ። ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰሽ መገኘት ያለብሽን ሰዓት። ከላይ ባለው ምሳሌ 7 ሰዓት ከ35 ይሆናል። በዚያ ሰዓት ግማሹ ጋ ካልደረስሽ አትቻኮይ፣ አሳጥሪው። ለዚህ ነው ቤት ሆነሽ ካርታው ላይ ቢያንስ አንድ መውጫ ምልክት አድርጊ የምለው፤ ወደ ዋናው መንገድ ወይም ወደ ቅርብ መንደር የሚያወርድ መንገድ። መውጫ የሌለው ረጅም መንገድ ለጊዜው ይቆይሽ። ሰዓትሽ ቢቆምም በእጅሽ መገመት ትችያለሽ። እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ፣ መዳፍሽን ወደ ራስሽ አዙረሽ ጣቶችሽን አግድም አጋድሚ። በጀምበሯና በአድማሱ መካከል አራት ጣት ከገባ ለመጥለቅ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቷታል። ፀሐይዋን ራሷን ግን ትክ ብለሽ አትይ። ሸለቆ ውስጥ ከሆንሽ ደግሞ ከዚያ በፊት ይጨልማል።

ለግንባር የሚታሰር ባትሪ ሁልጊዜ ያዢ፣ ጠዋት በጠራራ ፀሐይ ብትወጪም። ፊሽካ ያዢ። በተራራ ላይ የእርዳታ ጥሪ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና ስድስት መንፋት ነው። የሰማሽ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልስልሻል። ውኃ በሰዓት ግማሽ ሊትር አስቢ፣ ሲሞቅ ከዚያ በላይ። ሹራብም አትርሺ፤ በአማካይ 1,000 ሜትር ሲወጣ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ፌርማታ ላይ ላብሽ ሳይደርቅ ቆመሽ ስትጠብቂ ደግሞ ብርዱ የሚሰማሽ ያኔ ነው። ነጎድጓድ ከሰማሽ ከሸንተረሩ ውረጂ። ብልጭታውን ካየሽ በኋላ ድምፁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከደረሰ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያም ቅርብ ነው። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሺ። አውቶቡሱ ቢያመልጥም ያምልጥ።

ለብቻሽ የምትወጪ ከሆነ ለአንድ ሰው ንገሪ። የት እንደምትወርጂ፣ በየት በኩል እንደምትሄጂ፣ ከየት እንደምትሳፈሪ። «እስከ 1 ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ» ብለሽ ቁርጥ ያለ ሰዓት ስጪ። አውቶቡስ ላይ ስትወጪ መልእክት ላኪላቸው፤ አለበለዚያ በከንቱ ይጨነቃሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎ አውቶቡሱ ቢያመልጥስ? ያመልጣል፣ እኔንም ከአንዴም ሁለቴ አምልጦኛል። ወደ ጫካው አትመለሺ፣ አቋራጭም አትፈልጊ። ብርሃንና ሰው ወዳለበት ቦታ ሂጂ። በመኪና መንገድ ዳር መሄድ ግድ ከሆነ፣ የእግረኛ ጠርዝ ከሌለው፣ መኪናው ፊት ለፊት በሚመጣበት በኩል ሂጂ፤ ባትሪሽን አብሪ፣ ደማቅ ልብስ ልበሺ። የአካባቢውን ታክሲ ስልክ ቁጥር ከቤት ሳትወጪ መዝግበሽ ያዢ፤ ኔትወርክ በሌለበት መፈለግ አይቻልም። በገጠር ታክሲ ርቆ ሊመጣ ይችላልና ቶሎ ደውይ። የመጠባበቂያ ገንዘብ ለዚህ ብቻ ብለሽ ለይተሽ አስቀምጪ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አውቶቡሱ የኛ ብቻ አይደለም። ጭቃ ጫማሽን ከመሳፈርሽ በፊት ሣር ላይ ጥረጊ፣ ከተቻለ ቀይሪና በፌስታል ጠቅልይው። ቦርሳሽን ከጀርባሽ አውርጂ። የገበሬው አጥር በር ዝግ ካገኘሽው አልፈሽ መልሰሽ ዝጊው፣ ክፍት ካገኘሽው ክፍት ተይው። ጥጃ ያላት ላም ካየሽ ራቅ ብለሽ እለፊ፣ በመካከላቸው አትግቢ። ያ አውቶቡስ የሚኖረው የሚሳፈረው ሰው ስላለ ነው። በጥቂት ተሳፋሪ የቆመ መስመር ይዘጋል፣ ሲዘጋም ቀድመው የሚጎዱት መንደሩ ውስጥ ያሉት አዛውንትና ተማሪዎች ናቸው። እኛ ቲኬት በቆረጥን ቁጥር መስመሩ ትንሽ ይጠነክራል። እኔ ይህ ነገር ከልቤ ያስደስተኛል።

ለቀጣዩ ጉዞሽ እንዲህ አድርጊ። ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ ፈልጊ፣ ሁለቱም ጫፉ አንድ የአውቶቡስ ቁጥር ላይ የሚያርፍ። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ውጪ። በመመለሻው በኩል የ8 ሰዓቱን አውቶቡስ ያዢ፣ ከሱ በኋላ ሁለትና ሦስት እየቀሩ። ባለፈው አውቶቡስ ያመለጠሽበትን መንገድ ራሱን መርጠሽ፣ ከሌላኛው ጫፍ ተነስተሽ ብትሄጂው ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል። ሰሌዳውን ስታገኚ ግርጌው ጭምር በደንብ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺው፤ ግራ ያጋባሽ ፊደል ካለ ላኪልኝና አብረን እናነበዋለን።